ሉዊ ፓስተር፦ አየር የሚገድላቸውን ፍጥረታት ያየው የቆዳ አልፊው ልጅ

አዲስ አበባ ውስጥ ታክሲ የሚሳፈር ሰው «ፓስተር» የሚለውን ስም ሺህ ጊዜ ሰምቶታል። ረዳቱ ይጣራል፣ እኛም እንወርዳለን፣ አለቀ። ሰውየው ማን እንደሆነ የሚጠይቅ ግን ብዙ የለም። የቤተ ክርስቲያን ፓስተር የሚመስለውም አይጠፋም።

ስሙ የመጣው እዚያ ከነበረው የፓስተር ኢንስቲትዩት ነው። ግቢው ውስጥ ዛሬ ያለው የኢትዮጵያ የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ነው። የድሮው ተቋም ደግሞ ስሙን የወሰደው ከፈረንሳዊው ሳይንቲስት ከሉዊ ፓስተር ነው።

ፓስተር በሁለት ነገር ይታወቃል። አንዱ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ነው። ሌላው ወተት ላይ ተጽፎ የምናየው «ፓስቸራይዝድ» የሚለው ቃል ነው። ዛሬ የምንነግራችሁ ግን ሶስተኛውን፣ ብዙ ያልተወራለትን ታሪኩን ነው። ሰውነታችን ከበላነው ምግብ ጉልበት የሚያወጣው እንዴት ነው? አየር ሲያጥረውስ ምን ያደርጋል? ፓስተር ወደዚህ ጥያቄ የገባው በተበላሸ የአልኮል በርሜል በኩል ነው። ጥያቄው ከዚያ በኋላ ዕድሜውን ሙሉ አልለቀቀውም።

(ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ተራው ተማሪ

ሉዊ ፓስተር የተወለደው ዲሴምበር 27 ቀን 1822 በምሥራቅ ፈረንሳይ፣ ዶል በምትባል ከተማ ነው። አባቱ በናፖሊዮን ጦር ውስጥ ያገለገለ ወታደር ነበር። ጦርነቱ ሲያልቅ ቆዳ እያለፋ ቤተሰቡን ያስተዳድር ጀመር። ሉዊ ያደገው አርቧ በምትባል ወይን በሚበቅልባት ትንሽ ከተማ ነው።

ልጅ እያለ ጎበዝ የሚባል ተማሪ አልነበረም። የሚወደው ሥዕል ነበር። የወላጆቹንና የጎረቤቶቹን ፊት እየሳለ ይውላል። በ1838 ለትምህርት ፓሪስ ቢላክም የቤት ናፍቆት አላስቀመጠው አለ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ወደ ቤቱ ተመለሰ።

ተስፋ ግን አልቆረጠም። በፓሪስ ታዋቂ ለነበረው የመምህራን ከፍተኛ ትምህርት ቤት ተፈትኖ አለፈ፣ ያገኘው ደረጃ ግን አላረካውም። ስለዚህ አንድ ዓመት አጥንቶ እንደገና ተፈተነ። በተሻለ ውጤትም በ1843 ገባ። የሰውየው ባህርይ ይሄው ነው። አንድ ነገር ካልጣመው ደግሞ ይሠራዋል።

በ1849 ማሪ ሎራን የምትባል ወጣት አገባ። ማሪ ባሏ የሚነግራትን ማታ ማታ በጽሑፍ እያሰፈረች ለሳይንሱ ዕድሜ ልኳን የሠራች ሴት ነች። አምስት ልጆች ወለዱ። ስለ ልጆቹ ቆይተን እንመለስበታለን።

የተበላሸው በርሜል

በ1854 ፓስተር ሊል በምትባል የኢንዱስትሪ ከተማ የሳይንስ ፋኩልቲ ዲን ሆነ። ሁለት ዓመት ቆይቶ ቢጎ የሚባል የፋብሪካ ባለቤት አቤቱታ ይዞ መጣ። ልጁ የፓስተር ተማሪ ነው። ሰውየው ከስኳር ቀይ ሥር ጭማቂ አልኮል ያወጣ ነበር። አንዳንዱ በርሜል በደንብ ይብላላል። አንዳንዱ ግን ይቆመጥጥና ገንዘቡም ድካሙም ገደል ይገባል። ለምን?

ፓስተር ከሁለቱም ዓይነት በርሜል ናሙና ወስዶ በማይክሮስኮፕ አየ። ከደህናው በርሜል የመጣው ውስጥ ክብ ክብ የእርሾ ሴሎች አሉ፣ እያቆጠቆጡ ይባዛሉ። ከተበላሸው የመጣው ውስጥ ደግሞ ሌላ ነገር አለ፤ ከእርሾው በጣም የሚያንሱ ቀጫጭን ዘንጎች። እነዚህ ባሉበት የሚወጣው አልኮል ሳይሆን ላቲክ አሲድ ነው። እርጎን የሚያኮመጥጠው ያው አሲድ።

ከዚህ ተነስቶ ፓስተር አንድ ሐሳብ ያዘ። መብላላት ሕይወት ያላቸው ጥቃቅን ፍጥረታት ሥራ ነው። ስኳሩን እየበሉ ይኖራሉ፣ አልኮሉ ወይም አሲዱ ደግሞ ከእነሱ የሚወጣ ትራፊ ነው።

ዛሬ ይህ ግልጽ ይመስላል። ያኔ ግን አልነበረም።

ከግዙፉ ጋር የተደረገ ፍልሚያ

በዚያ ዘመን የኬሚስትሪው ዓለም ንጉሥ ጀርመናዊው ዩስቱስ ሊቢግ ነበር። እንደ ሊቢግ አባባል እርሾ የሚሠራው ስለሚኖር ሳይሆን ስለሚበሰብስ ነው። የሚበሰብሰው ነገር እንቅስቃሴውን ለስኳሩ ያስተላልፍና ስኳሩ ይፈርሳል፣ ይሄው ነው። ሕይወት የሚባል ነገር እዚህ ውስጥ ምን አገባው?

ከፓስተር በፊት በ1837 ሶስት ተመራማሪዎች፣ እያንዳንዳቸው በየፊናቸው፣ እርሾ ሕይወት አለው ብለው ነበር። ምላሹ ምን ሆነ መሰላችሁ? ሳቅ። በ1839 ሊቢግ ራሱ በሚያዘጋጀው የሳይንስ መጽሔት ላይ ስም የሌለው የቀልድ ጽሑፍ ወጣ። እርሾን አፍ ያላት፣ ስኳር የምትበላና አልኮል ከሰውነቷ የምታስወጣ ትንሽ እንስሳ አድርጎ አሾፈባቸው። ከዚያ በኋላ ጉዳዩን ደፍሮ የሚያነሳ ሰው ጠፋ።

ፓስተር ክርክሩን በወሬ ሳይሆን በሙከራ ገጠመ። ንጹሕ ውሃ ወሰደ። ስኳር፣ የአሞኒያ ጨውና የእርሾ አመድ ጨመረበት። የሚበሰብስ ነገር አንድም የለበትም። እዚያ ላይ በጣም ጥቂት እርሾ ጣለ። እርሾው አደገ፣ ተባዛ፣ አልኮልም ወጣ። እንግዲህ የሚበሰብስ ከሌለ ስኳሩን የሚያፈርሰው ምንድነው? የሚያድገው ራሱ ነው።

የጠብታዋ ጠርዝ

በ1861 ፓስተር የተበላሸ ቅቤን ሽታ የሚሰጠውን አሲድ የሚያወጡ ተሕዋስያን እያጠና ነበር። አንዲት ጠብታ በመስታወት ላይ አድርጎ በማይክሮስኮፕ ሲያይ ግራ የሚያጋባ ነገር ገጠመው። በጠብታዋ መሃል ያሉት ወዲህ ወዲያ ይዋኛሉ። ጠርዝ ላይ ያሉት፣ ማለትም ከአየር ጋር የሚነካኩት ግን ደርቀው ቀርተዋል፣ አይንቀሳቀሱም።

የተለመደው የዚህ ተቃራኒ ነው። እንስሳ አየር ፈልጎ ወደ ጠርዝ ይሮጣል። እነዚህን ግን አየሩ ነው የሚገድላቸው።

ፓስተር አየር ወደ ብልቃጡ እንዲገባ አደረገ። መብላላቱ ቆመ። ያኔ ገባው። ያለ ኦክስጅን የሚኖር ሕይወት አለ ማለት ነው! አየር የሚፈልጉትን «ኤሮቢክ»፣ አየር የማይፈልጉትን «አናኤሮቢክ» ብሎ የሰየማቸው እሱ ነው። ጂም ውስጥ በየቀኑ የምትሰሙት ቃል የመጣው ከዚህች ጠብታ ነው።

ነገሩ ከበርሜል አልፎ ወደ ሐኪም ቤትም ገባ። ፓስተር በ1877 በሽታ የሚያመጣ አናኤሮቢክ ባክቴሪያ አገኘ። የመንጋጋ ቆልፍ (የቴታነስ) ባክቴሪያም ከዚሁ ወገን ነው። ሚስማር የወጋው ጠባብና ጥልቅ ቁስል የሚያሰጋው ለዚህ ነው፤ አየር የማይደርስበት ጉድጓድ ለእነዚህ ባክቴሪያዎች ምቹ ቤት ነው።

ያለ አየር መኖር ዋጋው ስንት ነው?

እርሾ ደግሞ ልዩ ፍጥረት ነው። አየር ሲኖርም ይኖራል፣ ሳይኖርም ይኖራል። ፓስተር ሁለቱንም መንገድ እያስኬደ ለካ። አየር ሲያገኝ እርሾው በፍጥነት ይባዛል፣ የሚበላው ስኳር ግን ትንሽ ነው። አየር ሲከለከል ያንኑ ያህል ለማደግ የሚፈጀው ስኳር በብዙ እጥፍ ይጨምራል። ይህ ዛሬም «የፓስተር ውጤት» ተብሎ በስሙ ይጠራል።

ለምን እንደዚያ እንደሚሆን ፓስተር ራሱ አላወቀም። መልሱን ያገኙት ከሱ በኋላ የመጡት ናቸው። እኛ በአጭሩ እንንገራችሁ።

ሴል ጉልበቱን የሚይዘው ኤቲፒ በሚባል ነገር ውስጥ ነው። ቻርጅ የተደረገ በጣም ትንሽ ባትሪ አድርጋችሁ አስቡት። አንዷ የስኳር (ግሉኮስ) ሞለኪውል መጀመሪያ ለሁለት ትሰበራለች። ለዚህ ኦክስጅን አያስፈልግም። ትርፉ 2 ባትሪ ነው።

ኦክስጅን ካለ ሥራው ይቀጥላል። ግማሾቹ ማይቶኮንድሪያ ወደሚባለው የሴሉ ክፍል ይገባሉ። እዚያ ደረጃ በደረጃ ይበታተኑና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሆናሉ። ከስኳሩ የተነቀሉትን ኤሌክትሮኖች በመጨረሻ የሚቀበለው ኦክስጅን ሲሆን፣ ተቀብሎም ውሃ ይሆናል። በዚህ መንገድ ከአንዷ ስኳር የሚገኘው በድምሩ 30 ገደማ ባትሪ ነው። ትምህርት ቤት 36 ወይም 38 ብለው ካስተማሯችሁ አትገረሙ፤ የድሮው ስሌት ነው፣ አዲሱ ልኬት ቁጥሩን ዝቅ አድርጎታል።

ኦክስጅን ከሌለስ? የተነቀሉትን ኤሌክትሮኖች የሚቀበል ይጠፋል። ካልተቀበላቸው ደግሞ የመጀመሪያው ስንጠቃም ይቆማል። ስለዚህ ሴሉ መላ ይፈጥራል፤ ለራሱ ለተሰነጠቀው ስኳር ትራፊ መልሶ ያሸክማቸዋል። እርሾ ውስጥ ትራፊው አልኮልና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሆናል። በእኛ ጡንቻና በእርጎ ባክቴሪያ ውስጥ ላቲክ አሲድ ይሆናል። ትርፉ ግን ያችው 2 ባትሪ ናት።

እንግዲህ አስሉት። በአንድ ስኳር 30 ባትሪ ያገኝ የነበረ ሴል አሁን 2 ብቻ ካገኘ፣ ለመኖር ስንት ስኳር ማቃጠል አለበት? የፓስተር እርሾ ስኳር ይፈጅ የነበረው ለዚህ ነው።

በእናንተው ሰውነት ውስጥ

400 ሜትር በሙሉ ኃይላችሁ ሩጡ። ሳንባና ልብ የሚችሉትን ያህል ይሠራሉ፣ ጡንቻው የሚጠይቀው ግን ከዚያ በላይ ነው። በዚህ ጊዜ ጡንቻ የሊሉን በርሜል መንገድ ይይዛል። ስኳሩን በፍጥነት እየሰነጠቀ ላቲክ አሲድ ያወጣል። ፈጣን ነው፣ ግን አባካኝ ነው፣ ረጅም ጊዜ አያስኬድም። የማራቶን ሯጭ በዚህ መንገድ 42 ኪሎ ሜትር አይጨርስም። እሱ የሚኖረው በኦክስጅኑ መንገድ ነው።

በነገራችን ላይ፣ ከስፖርት በማግስቱ የሚሰማን ሕመም የላቲክ አሲድ ነው የሚባለው ልክ አይደለም። ላቲክ አሲዱ በአጭር ጊዜ ውስጥ ይጸዳል። ልብ ራሱ እንደ ነዳጅ ይጠቀምበታል፣ ጉበትም መልሶ ስኳር ያደርገዋል። የማግስቱ ሕመም በጡንቻው ላይ ከሚደርሱ ጥቃቅን ጉዳቶች የሚመጣ ነው።

ሌላ የሚገርም ነገር፦ ኦክስጅን ተሸክመው የሚዞሩት ቀይ የደም ሴሎቻችን ራሳቸው ኦክስጅኑን አይጠቀሙበትም። ማይቶኮንድሪያ የላቸውም። ልክ አየር እንደተከለከለ እርሾ ስኳር ብቻ እየሰነጠቁ ይኖራሉ። አንጎል ግን እንዲህ አይችልም። ከክብደታችን 2 በመቶ ገደማ ብቻ ሆኖ ከጉልበታችን 20 በመቶ ያህሉን ይወስዳል። ኦክስጅን ሲቋረጥበት በደቂቃዎች ውስጥ መጎዳት የሚጀምረው ሁለቱ ባትሪ ስለማይበቃው ነው።

ሶስቱ መቃብሮች

የፓስተር ዕድሜ ላብራቶሪ ብቻ አልነበረም። ከሊቢግ ሐሳብ ጋር በሚታገልበት ጊዜ፣ በ1859፣ የመጀመሪያ ልጁ ዣን በታይፎይድ ሞተች። 9 ዓመቷ ነበር። በ1865 የ2 ዓመቷ ካሚይ ሞተች። በዓመቱ በ1866 የ12 ዓመቷ ሴሲል፣ እሷም በታይፎይድ። ከአምስት ልጆቹ ሶስቱን ቀበረ።

በበርሜል ውስጥ ያሉ ጥቃቅን ፍጥረታት ጭማቂን የሚያበላሹ ከሆነ፣ የሰውን ሰውነትስ? ፓስተር ይህን ጥያቄ የሚያይበት ዓይን የልጅ የቀበረ አባት ዓይን ነበር።

በ1868፣ በ45 ዓመቱ፣ ስትሮክ መታው። ግራ ጎኑ ሽባ ሆነ። ይሞታል ተብሎ ተጠበቀ፣ ግን ተረፈ። ከዚያ በኋላ እያነከሰ፣ አንድ እጁ በደንብ ሳይታዘዝለት፣ ረዳቶቹ በእጃቸው እየሠሩለት ቀጠለ። ዝነኛ ያደረጉት የክትባት ሥራዎቹ በሙሉ የተሠሩት ከዚህ ስትሮክ በኋላ ነው።

በሟች ወዳጅ ላይ የተነሳ ሙግት

ሊቢግ በ1873 ሞተ። ፓስተር በ1876 ስለ ቢራ ባሳተመው መጽሐፍ ሐሳቡን አጠቃለለ፤ መብላላት ማለት ያለ አየር የሚኖር ሕይወት ነው። ነገሩ ያለቀ መሰለ።

በ1878 ግን ያልታሰበ ነገር መጣ። ታላቁ የፊዚዮሎጂ ሊቅ ክሎድ በርናር ሞተ። በርናር የፓስተር ወዳጅ ነበር። ከዓመታት በፊት ሲታመም ፓስተር ጋዜጣ ላይ ሥራውን የሚያወድስ ጽሑፍ አውጥቶለታል። ከሞተ በኋላ ግን ከወረቀቶቹ መሃል ማስታወሻ ተገኘና ታተመ። በርናር በማስታወሻው ላይ ፓስተር ተሳስቷል ብሎ ነበር። እንደ እሱ ሐሳብ አልኮል ያለ ሕያው ሴልም፣ በፍሬው ጭማቂ ውስጥ ባለ ነገር ብቻ ሊወጣ ይችላል።

ፓስተር በጣም አዘነ። በሕይወት እያለ ለምን አልነገረኝም የሚያሰኝ ነገር ነው። ከሟች ጋር መከራከር ደግሞ አስቀያሚ ነው። እሱ ግን ዝም የሚል ሰው አይደለም። ወዲያው ተነቃይ የመስታወት ቤቶች አሠርቶ አርቧ ባለው የወይን ማሳው ላይ ተከላቸው። የወይኑ ፍሬ ገና ጥሬ ነው፣ እርሾ አላረፈበትም። የተወሰኑትን ዘለላዎች ደግሞ በጥጥ ጠቀለለ። ወይኑ በስሎ ሲጨመቅ ተሸፍኖ የቆየው አልተብላላም። በግልጽ የቆየው ግን ተብላላ። እርሾው ከውጭ ነው የሚመጣው ማለት ነው። ፓስተር አሸነፈ።

ግን ሙሉ በሙሉ አልነበረም።

ያላየው መልስ

ፓስተር በ1885 በእብድ ውሻ የተነከሰውን የ9 ዓመቱን ዦዜፍ ሜይስተርን ከተበ፣ ልጁም ተረፈ። በ1888 ፓሪስ ላይ በስሙ ኢንስቲትዩት ተከፈተ። ሴፕቴምበር 28 ቀን 1895 አረፈ። የተቀበረውም እዚያው ኢንስቲትዩቱ ውስጥ ነው።

ከሞተ ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1897፣ ኤድዋርድ ቡክነር የሚባል ጀርመናዊ እርሾን ከአሸዋ ጋር ፈጭቶ፣ ጨምቆ፣ አንድም ሕያው ሴል የሌለበት ጭማቂ አወጣ። ጭማቂው እንዳይበላሽበት ብሎ ስኳር ጨመረበት። ጭማቂው አረፋ ማውጣት ጀመረ! ሴሎቹ ሞተዋል፣ አልኮሉ ግን ይወጣል።

ሥራውን የሚሠሩት በሴሉ ውስጥ ያሉ ኢንዛይሞች ናቸው። እነሱን የሚሠራቸው ሕያው ሴል ነው፣ በዚህ ፓስተር ልክ ነበር። ሴሉ ከፈረሰ በኋላ ግን እነሱ ብቻቸውን መሥራት ይችላሉ። በዚህ ደግሞ ሊቢግና በርናር ከእውነቱ ድርሻ ነበራቸው። ቡክነር በ1907 የኖቤል ሽልማት አገኘ። በላቲክ አሲድና በኤቲፒ ዙሪያ ዛሬ የምናውቀው ሁሉ የመጣው በዚህ በር ነው።

ፓስተር ያንን አረፋ ቢያየው ምን ይል ነበር? ምናልባት እንደ ልማዱ ደግሞ ይሠራው ነበር።

ቤታችሁ ያለው በርሜል

አሁን ወደ ማድ ቤት ግቡ። ክዳን ተደርጎበት የተቀመጠው የጤፍ ሊጥ ውስጥ ያሉት እነዚያው የሊል በርሜል ነዋሪዎች ናቸው። እርሾውም አለ፣ ላቲክ አሲድ የሚያወጡትም አሉ። በሊል ያከሰሩት አሲድ አውጪዎች እዚህ የሚፈለጉ ናቸው፤ የእንጀራችን ቆምጠጥ ማለት ከእነሱ ነው። የእንጀራው ዓይን ደግሞ ጋዙ የወጣበት ቀዳዳ ነው።

ጠላ የሚጠምቁ እናቶች የጋኑን አፍ የሚመርጉትም በከንቱ አይደለም። አየር ከገባ ኦክስጅን የሚወዱ ሌሎች ባክቴሪያዎች ይመጡና አልኮሉን ወደ ኮምጣጤ ይለውጡታል። ፓስተር ይህንንም አጥንቶታል። እናቶቻችን ግን ማይክሮስኮፕ ሳይኖራቸው ጋኑን ሲመርጉ ኖረዋል።

እንግዲህ በሚቀጥለው ጊዜ ረዳቱ «ፓስተር!» ሲል፣ ስትወርዱ ይህን ሰው አስታውሱት። ታክሲው ሊያመልጣችሁ ሲል ሮጣችሁ ከደረሳችሁበት ደግሞ፣ ቁና ቁና እየተነፈሳችሁ የምትከፍሉት ጡንቻችሁ ያለ በቂ አየር የሠራበትን ዕዳ ነው።

ባዮሎጂ አልገባኝም ለሚል ጓደኛችሁ አጋሩት።